ኔትወርኩ ቢቆረጥ ዝምድናው አይቆረጥ

  

በረመዳን ኢማም ከሌላው ጊዜ የበለጠ ይጠየቃል። ጾም ስለሚያፈርሱ ነገሮች፣ ስለ ቀዷ፣ ስለ ዘካ የሚጠይቀው ሰው ብዙ ነው። እዚህ ጎንደር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከተራዊሕ በኋላ ቀረብ የሚሉ እናቶችና አባቶች ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ልጄ ዓረብ አገር ናት፤ ድምፅዋን ከሰማሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ረስታኝ ይሆን?» ይላሉ። «ወንድሜ ካርቱም ነበር፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። ምን ብዬ ዱዓ ላድርግለት?» የሚልም አለ። «እህታችን ኢሞ ላይ ትታያለች፤ ስንደውል ግን አታነሳም። ተቀይማን ነው?» የሚሉም አሉ። ላይ ላዩን ሲታይ የስልክና የኢንተርኔት ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ግን የዲን ጥያቄ ነው። ሲለቱ ረሒም፣ ማለትም ዝምድናን የመቀጠል ግዴታ ያለበት ጥያቄ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው። ሐሳቤም አጭር ነው። ኢንተርኔት ሲቆራረጥና ሲወደድ ዝምድናውን የመቀጠሉ ሸክም ከአገር ርቃ በምትሠራው ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ ወድቋል። ደዋይዋ እሷ፣ ከፋይዋ እሷ፣ ሳትደውል ስትቀር ተወቃሿም እሷ ናት። ይህ ልክ አይደለም። ሸክሙን ቤተሰብ ሊጋራው ይገባል፤ መስጂድም፣ የሚመለከታቸው ተቋማትም እንዲሁ።

በመጀመሪያ ያየነውን እናስታውስ። በክልላችን በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በከተሞች መመለስ የጀመረው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ነው። በመካከሉ የ1445 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን በመጋቢት ገብቶ ወጣ፤ ዒዱም አለፈ። ልጆቻቸውን በስልክ እያዩ «ኢፍጣራችሁ ምንድን ነው?» ሲባባሉ የነበሩ ቤተሰቦች ያን ወር ያለ ምስልና ያለ ድምፅ አሳለፉት። ዋይፋይ አለው የተባለ ቢሮና ሆቴል የሚፈልግ ነበር። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ «ለልጄ ደህና ነን ብለህ ላክልኝ» ተብሎ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በአደራ ይሰጠው ነበር። በመደበኛ ስልክ ወደ ውጭ ልደውል ያለም በጥቂት ደቂቃ የሞላው ካርድ ያልቅበታል።

ጎንደር ያኔ ሌላም ጭንቀት ነበረባት። ከመተማ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጦርነት ተነሥቶ ነበር። ከእኛ አካባቢ ለሥራ ወደ ሱዳን የሄደው ሰው ብዙ ነው። ከፊሉ በመተማ በኩል ተመለሰ፤ ከፊሉ እዚያው ቀረ። በጥር 2016 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ በሱዳን አብዛኛው ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ካርቱም ውስጥ ልጅ ያለው ጎንደሬ በሁለቱም በኩል በር ተዘጋበት ማለት ነው። ልጁ ሊደውል ቢችል አባት ጋ አይገባም፤ አባት ቢችል ልጁ ጋ አይገባም።

ወደ ደጋው ሲወጣ ችግሩ ከዚያም በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ገጠር ተራራውና ገደሉ ራሱ ኔትወርክ ይጋርዳል። ሰው ስልክ የሚይዝበትን ጉብታ ለይቶ ያውቃል፤ ልጄ ትደውል ይሆናል ብሎ ያን ጉብታ በብርድ የሚወጣ አባት አለ። መብራት ሲጠፋ ስልክ የሚሞላበት ቦታ ፍለጋ ገበያ ቀን ይጠበቃል።

እዚያ ማዶስ? ብዙ ቤተሰብ «ዓረብ አገር ሁሉ ነገር ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱም እንደ ውኃ ነው» ብሎ ያስባል። ለባለቤቶቹ እንዲያ ሊሆን ይችላል፤ ለቤት ሠራተኛዋ ግን አይደለም። ሳዑዲ ዐረቢያ በኢንተርኔት መደወልን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው፤ ከዚያ በፊት ጥሪው የታገደ ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ደግሞ በዋትሳፕ መጻፍንና ድምፅ ቀድቶ መላክን ይፈቅዳሉ እንጂ በዋትሳፕ መደወል አይሠራም፤ መደወል የሚቻለው ፈቃድ ባላቸው መተግበሪያዎች ነው። ስለዚህ ዱባይ ያለች ልጅ «ለምን በዋትሳፕ አትደውልም?» ተብላ ልትወቀስ አይገባም። ሳዑዲ ውስጥ ሲም ካርድ የሚወጣው በመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማ ነው። ኢቃማ የሌላት ወይም ኢቃማዋን አሠሪዋ የያዘባት ልጅ በስሟ ሲም አታወጣም። የቤቱን ዋይፋይ ልጠቀም ብትል ቁልፉ ያለው ማዳሟ እጅ ነው፤ ማዳም በተቆጣች ቀን ይቀየራል። ስልኳን ማታ አስረክባ የምታድር፣ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚሰጣትም አለች።

ይህን የማነሣው የማንንም አገር ስም ለማጥፋት አይደለም። በደግ አሠሪ እጅ ገብታ እንደ ልጅ የተያዘችም ሞልታለች። የማነሣው ዝምታዋን በልኩ እንድንተረጉመው ነው። ልጅቱ ሳትደውል ስትቀር ከአሥሩ ምክንያት ዘጠኙ ከእጅዋ ውጪ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ቀድሞ የሚመጣልን አሥረኛው ነው፤ «ገንዘብ ስታገኝ ረሳችን» እንላለን። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ አብዛኛውን እንድንርቅ አዝዞናል፤ ከፊሉ ኃጢአት መሆኑንም ነግሮናል። ይህ ትእዛዝ ለጎረቤት ብቻ የወረደ አይደለም፤ በሩቅ ስላለች ልጃችን የምናስበውንም ይገዛል። ስልኩ ላይ አረንጓዴ ምልክት መታየቱ ልጅቱ ነፃ ናት ማለት አይደለም። መልእክቱ ታይቶ መልስ አለመምጣቱም ንቀት ማለት አይደለም። እጅዋ ሳሙና ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ማዳሟ አጠገቧ ቆማ ሊሆን ይችላል።

ርቀት ለጎንደር ሙስሊም አዲስ ነገር አልነበረም። ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች በቅፍለት ወደ መተማና ወደ ሱዳን፣ ወደ ምጽዋም ይወርዱ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ የሄደው ሰው ወሬ ለወራት ይጠፋል። ቤተሰቡ በዱዓ ይጠብቃል። ከዚያ መንገድ የሚመጣ ነጋዴ ሲገኝ ይጠየቃል፤ መልእክቱን የተቀበለውም ሰው አማና ነውና ሳያጓድል ያደርሳል። እነዚያ ሰዎች ስልክ አልነበራቸውም፤ ትዕግሥትና የታመነ መልእክተኛ ግን ነበራቸው። እኛ በደቂቃ ውስጥ መልስ ማግኘት ስለለመድን የሦስት ቀን ዝምታ እንደ ክህደት ይታየን ጀምሯል።

እንግዲህ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ዝምድና መቀጠል የሁለት ወገን ሥራ መሆኑን እንቀበል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናን ቀጣይ የሚባለው ለተደረገለት ብድር መላሹ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሲቋረጥበት የሚቀጥለው እንደሆነ አስተምረውናል። ስትደውል ብቻ የምናወራ ከሆነ ብድር መላሾች ነን። በተለይ ወላጆች «እሷ ናት መደወል ያለባት፤ ገንዘቡ ያለው እሷ ጋ ነው» የሚለውን አነጋገር ብንተወው መልካም ነው። የእሷ ገንዘብ የላብዋ ነው፤ ከእሱም አብዛኛው ወደ እኛ ይመጣል። ከምትልከው ላይ ጥቂቷን ለጥቅል አስቀምጦ በወር ሁለት ጊዜ ከዚህ ወደዚያ መደወል ለቤተሰብ አይከብድም። ልጅቱ «እናቴ ራሷ ደወለችልኝ» ብላ የምታገኘውን ደስታ የላከችው ብር አይገዛላትም። ባትችሉ እንኳ «ዳታሽን አትጨርሺ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃናል» በሏት። ይህም ሶደቃ ነው።

ሁለተኛው የደቂቃዎቹ አጠቃቀም ነው። ጥሪው ውድ ከሆነ፣ መቼ እንደሚቆረጥም ካልታወቀ፣ የመጀመሪያው ደቂቃ የእሷ ይሁን። ሰላምታ፣ ጤናዋ፣ እንቅልፏ፣ ምግቧ፣ ሶላቷ ይቅደም። የብዙ ቤት ጥሪ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ ከሰላምታ በኋላ የቤት ኪራይ፣ የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአጎት ሠርግ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ይነሣል። ስለ ራሷ ልትናገር ስትል ኔትወርኩ ይሄዳል። ከዚያ ወሩን ሙሉ «ምን ልትነግረን ነበር?» እያሉ መጨነቅ ይመጣል። የገንዘቡ ጉዳይ በጽሑፍ ሊላክ ይችላል፤ የጽሑፍ መልእክት ትንሽ ዳታ ይበቃዋል፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ሲመለስ ይደርሳል። «ደህና አይደለሁም» የሚለው ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በድምፅ ነው። እናት ከአነጋገሯ ትለየዋለች። ያን ድምፅ የምንሰማበትን ደቂቃ በቆርቆሮ ዋጋ አንፍጀው።

በዚህ ወር ደግሞ ሰዓቱን እንጠንቀቅ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ረመዳን ለቤት ሠራተኛ የሥራ ወር ነው። ከቀትር በኋላ የኢፍጣር ዝግጅት ይጀመራል፤ እንግዳ ይበዛል፤ ዕቃ ማጠቡ እስከ ሱሑር ይዘልቃል። እኛ በናፍቆት የምንደውለው በመግሪብ ነው፤ እሷ ፋታ የማታገኘውም ልክ በዚያው ሰዓት ነው። ሪያድና ጎንደር ሰዓታቸው አንድ ቢሆንም እዚያ ፀሐይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀድማ ትጠልቃለች፤ የዱባይ ሰዓት ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ «በስንት ሰዓት ይመችሻል?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅና በሳምንት አንድ ቀን መቁረጥ ይሻላል። ቀጠሮው ቢያልፍ መደናገጥ የለም፤ ሁለተኛ ቀን ይኑረው። ሁለቱም ካለፉ ያኔ ፍለጋ ይጀመራል። ሥርዓቱ እንዲህ ከሆነ ጭንቀቱም መጠን ይኖረዋል።

ሦስተኛው አነስተኛ ነገሮችን ማወቅ ነው። በምስል መደወል በድምፅ ከመደወል ብዙ እጥፍ ዳታ ይበላል። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ ማውራት ይቻላል። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ያልጠየቅነውን ቪዲዮ በራሳቸው እንዳያወርዱ ከስልኩ ማስተካከያ ማጥፋት ጥቅልን ያቆያል፤ ይህን የሰፈር ወጣት በአንድ ደቂቃ ይሠራዋል። ከሁሉ ደግሞ የተቀዳ የድምፅ መልእክት ይጠቅማል። ቀድታችሁ ብትልኩት ኔትወርክ ባለ ጊዜ ይደርሳል፤ እሷም ሥራ ጨርሳ ጋደም ስትል ደጋግማ ትሰማዋለች። ልጅዋን ለአያቱ ትታ የሄደች እናት ልጅዋ ፋቲሓን ሲቀራ ተቀድቶ ቢላክላት ምን ያህል እንደምትጽናና ገምቱ። መድረሳ የሚማሩ ልጆች ያሏችሁ፣ በዚህ ወር በየሳምንቱ ልጁ የሐፈዛትን አጭር ሱራ ቀድታችሁ ላኩላት። ለእሷ ከዒድ ስጦታ በላይ ነው። ልጁም እናቱን በስም ብቻ የሚያውቃት አይሆንም።

አራተኛው ከመሄድ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። የነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) እናት ታሪክ በሱረቱል ቀሶስ ይገኛል። ሕፃኑን በአላህ ትእዛዝ ወንዝ ላይ ጣለችው፤ ልቧም ባዶ ሆነ። ነገር ግን አልቅሳ ብቻ አልተቀመጠችም። እህቱን ዱካውን እንድትከተል ላከቻት፤ እህትየውም ሳያውቁባት ከሩቅ ሆና ተከታተለችው። ልጁ ወደ እናቱ ጡት የተመለሰው በአላህ ፈቃድ በዚያች እህት በኩል ነው። በአላህ መመካትና ዱካ መከተል አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ በላይ ምን ያስተምረናል?

ዛሬ ልጁን የሚልክ ቤተሰብ ዱካ የሚይዘው እንዴት ነው? ብዙ ሰው መረጃውን ሁሉ በስልክ ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ሲቆም፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ መረጃው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ወረቀት ይኑር። የፓስፖርቷና የሥራ ውሏ ቅጂ፣ የአሠሪው ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የከተማውና የሰፈሩ ስም፣ የላካት ኤጀንሲ ስምና ስልክ፣ በዚያ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ፣ አብራት የሄደች ወይም በዚያ ከተማ የምትኖር አንዲት የታመነች ሴት ቁጥር፤ እነዚህ በአንድ ፖስታ ቤት ውስጥ ይቀመጡ። እሷም የቤተሰቧን ሁለት ስልክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ። ስልኳ ቢወሰድባት በሰው ስልክ መደወል የምትችለው ያን ካወቀች ብቻ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራ ለዕዳ እንኳ ጻፉ፣ ምስክርም ያዙ ብሎናል። ለጥቂት ብር ዕዳ መጻፍ ከታዘዝን፣ ለሰው ልጅ አንድ ገጽ ወረቀት እንዴት እንሰስታለን?

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በሕጋዊ መንገድ ለሄደች ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳትላክ ይከለክላል። በደላላ፣ በየብስና በባሕር የሄደች ልጅ ውልም፣ ኤጀንሲም፣ ኢቃማም የላትም። ሲም እንኳ የምትይዘው በሌላ ሰው ስም ነው። ስትጠፋ የሚጠየቅ የለም። ወላጆች ሆይ፣ ዕድሜዋን ጨምራችሁ፣ ወይም ደላላው «ከደረሰች በኋላ ይስተካከላል» ስላላችሁ አትላኩ። ዱካዋን ራሳችሁ እያጠፋችሁ ነው።

አምስተኛው ወሬን ማጣራት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። «እገሌ የሚባል ካምፕ ተዘጋ፤ ሴቶቹ ታሰሩ፤ እገሊት ሞተች» የሚል ወሬ ከአንድ ሰፈር ይነሣና ሌላ ሰፈር ሲደርስ ለቅሶ ይሆናል። ይህ በእኛ አልተጀመረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የላኳቸው የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በዚችው በሐበሻ ምድር ሳሉ ቁረይሾች ሰልመዋል የሚል ወሬ ደረሳቸው። ከፊሎቹ በደስታ ወደ መካ ተመለሱ፤ ሲቃረቡ ግን ወሬው ሐሰት ሆኖ አገኙት፤ በተመለሱበትም መከራ ጠበቃቸው። ሶሐቦች በርቀት ምክንያት ያልተጣራ ወሬ ከጎዳቸው እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባናል? ያልተጣራ ወሬ የያዘ ሰው ሲመጣ አጣሩ የሚለው የሱረቱል ሑጁራት ትእዛዝ ለኢሞና ለቴሌግራም ወሬም ይሠራል።

በዚሁ ላይ ማጭበርበርም አለ። የልጅቱ ኢሞ ወይም ቴሌግራም ይጠለፍና «ታስሬያለሁ፤ ቶሎ ብር ላኩ» ይላል። ወይም የእናት ተጠልፎ ለልጅቱ «አባትሽ ሆስፒታል ገባ» ይባልላታል። ኔትወርኩ ለጥሪ አይመችምና ሰው ድምፅ ሳይሰማ ብር ይልካል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቤተሰብ እርስ በርሱ ብቻ የሚያውቀው አንድ ቃል ይስማማ። ብር የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ ያ ቃል ይጠየቅ። በስልክ የሚላክ ማረጋገጫ ቁጥርንም ለማንም አለመስጠት ነው፤ «ኢማሙ ነኝ» ለሚልም ቢሆን።

የመስጂድ ድርሻስ? በየመስጂዱ የወጣቶች ጀመዓ አለ። ከእነሱ ሁለት ሦስት ስልክ የሚያውቁ ልጆች ከዙህር በኋላ ቢቀመጡ፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች መልእክት ቢያነቡላቸው፣ ድምፅ ቢቀዱላቸውና ቢልኩላቸው የረመዳን ታላቅ ሥራ ይሆናል። የሚያነቡት ምስጢር ግን አማና ነው፤ ከመስጂዱ በር መውጣት የለበትም። ለሴቶቹ ጉዳይ ሴት ልጆች ቢመደቡ ደግሞ የተሻለ ነው። አቅም ያላቸው ሰዎች ኢፍጣር እንደሚያበሉት ሁሉ ለአንዲት ችግረኛ እናት የአንድ ወር ጥቅል ቢገዙ ሶደቃ ነው። ከዘካ ተቀባዮች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ መንገድ ላይ ያለ ስንቁ ያለቀበት ሰው መሆኑንም አንርሳ። በሰው አገር ያለ ስልክና ያለ መመለሻ የቀረችን ልጅ ጉዳይ ይዛችሁ ወደ ዑለማዎች ቅረቡ፤ በር አለው።

ለተቋማትም አንድ ቃል አለኝ። የቴሌኮም ድርጅቶች በረመዳንና በዒድ ልዩ ጥቅል ሲያወጡ እናያለን፤ እናመሰግናለን። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደ ሱዳንና ወደ ሊባኖስ የሚደረግ መደበኛ ጥሪ በዚህ ወር በቅናሽ ቢሆን ግን ለብዙ ቤት ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል። ምክንያቱም ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቀረው መደበኛው ጥሪ ነው፤ እሱ ደግሞ ለድሃ የማይቀመስ ነው። ጸጥታን መጠበቅ የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ኢንተርኔት እንዲቋረጥ ሲወሰን የሚቋረጠው የእናትና የልጅ ግንኙነትም ነው። ልጆቻችንን በሕጋዊ ስምምነት ወደ ውጭ የሚልክ አገር፣ እነሱ ከቤተሰባቸው የሚገናኙበት አንድ በር በክፉ ቀን እንኳ ክፍት እንዲቀር ቢያስብበት ፍትሕ ነው። ኤጀንሲዎችም ውል ሲያስፈርሙ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ስልክ የመያዝና በሳምንት የመደወል መብትን በጽሑፍ ቢያስገቡ አማናቸውን ተወጡ ይባላል።

በመጨረሻም ይህን ጽሑፍ ምናልባት ዘመድ ፎቶ አንሥቶ ለሚልክላችሁ፣ በሰው አገር ለምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች። እኛ አገር ዝም ስንል አትጨነቁብን፤ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ ነው። ዝም የምትሉበት ጊዜ ካለ ቀድማችሁ በአንድ መስመር ጽሑፍ ንገሩን። ስልክ ሲሰጣችሁ ሁሉንም ለማዳረስ አትሞክሩ፤ ለእናታችሁ ደውሉ፤ እሷ ለሌላው ታዳርሳለች። ለዳታ ብላችሁ አትበደሩ። ቢከፋችሁ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትዋሹን፤ የምንችለውን የምናደርገው ስናውቅ ነው። መደወል ባትችሉም በሱጁድ ላይ ለወላጆቻችሁ የምታደርጉት ዱዓ ጥቅልም ኔትወርክም አይጠይቅም። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ከልጃቸው ከዩሱፍ ለብዙ ዓመታት ተለይተው አንዲት ወሬ ሳይሰሙ ኖሩ። ስሞታቸውን ለአላህ አቀረቡ፤ ከእዝነቱም ተስፋ አልቆረጡም። ሌሎቹን ልጆቻቸውንም «ሂዱ፣ ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ» ብለው ላኳቸው። ትዕግሥታቸው ፍለጋን አላስቀረም፤ ፍለጋቸውም ትዕግሥታቸውን አላጎደለም። አላህም ከልጃቸው ጋር አገናኛቸው።

በዚህ በተባረከ ወር ከቤተሰባችን ያ ረጅም ዝምታ ያለበትን ሰው እንፈልገው። ወቀሳውን ትተን «እንዴት ነሽ ልጄ?» እንበል። የተለያዩትን አላህ ያገናኛቸው፤ የጠፉትን ያግኛቸው፤ በሰው አገር ያሉትን በጥበቃው ሥር ያድርጋቸው፤ ለአገራችንም ሰላም ይስጣት። አሚን።

ረመዳን ሙባረክ።